ቋንቋን ማወቅና ስለ ቋንቋ ማወቅ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ለእርሱ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



በሥነ ልሳንና በቋንቋ ማስተማር ዘዴ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር መመዝገቤን የሰሙ ዘመዶቼና ጓደኞቼ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። «ቋንቋ ደግሞ ምኑ ይጠናል? መናገሩን እንደሆነ ትናገረዋለህ!» አሉኝ። በንግድ የሚተዳደር አንድ አጎቴማ፣ «ልጄ፣ አስተማሪ ሆነህ ገብተህ አስተማሪ ሆነህ ልትወጣ ነው?» ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። እውነቱን ነው፤ ከትምህርቱ ስወጣም አስተማሪ ነኝ። ይሁንና በእነዚያ ዓመታት ያገኘሁት ነገር ለራሴ ብቻ ይዤው የምቀመጠው ሆኖ አላገኘሁትም። ልጆቻቸውን ጧት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ወደ መድረሳ የሚልኩ ወላጆች፣ በመድረሳ የሚያስተምሩ ኡስታዞች፣ እንዲሁም «ምን ባጠና ይሻለኛል?» እያሉ የሚያስቡ ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ መጽሔት አማካይነት ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ነገሩ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው። ፊደልን መፍታት፣ የሰዋስው ሕግ ማወቅና ቋንቋውን መረዳት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ ግን በመድረሳም ሆነ በአስኳላው ትምህርት ቤት አንዱን ሰጥተን ሦስቱንም የሰጠን እየመሰለን ልጆቻችንን ባዶ እጃቸውን እንሸኛቸዋለን። መፍትሔው ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። አብዛኛው በገዛ ቀደምቶቻችን እጅ የነበረ ነው።

የጠፋ ንብረታችን

የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚጀምረው ፎነቲክስ በሚባለው፣ የንግግር ድምፆች እንዴት እንደሚፈጠሩ በሚያጠናው ትምህርት ነው። መምህሩ ከከንፈር እስከ ጉሮሮ ያለውን የሚያሳይ የሰው አፍ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ይሰቅላሉ። ከዚያም ይህ ድምፅ በሁለቱ ከንፈሮች፣ ያኛው በምላስ ጫፍና በጥርስ፣ ሌላው በምላስ ሥርና በላንቃ ይፈጠራል እያሉ ያስረዳሉ። አብረውኝ ከሚማሩት ብዙዎቹ ነገሩ አዲስ ሆኖባቸው ሲቸገሩ ለእኔ ግን የቆየ ወዳጅ ሆኖ ታየኝ። በተጅዊድ ትምህርት «መኻሪጁል ሑሩፍ»፣ ማለትም የፊደላት መውጫ ሥፍራዎች ተብሎ በልጅነታችን የተማርነው ነበርና። አብዛኞቹ የተጅዊድ ሊቃውንት መውጫዎቹን 17 አድርገው ቆጥረዋቸዋል።

ይህ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በበስራ የኖሩት ኸሊል ኢብን አሕመድ አል-ፈራሂዲ የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሲነድፉ ቃላቱን በአሊፍ፣ ባ፣ ታ ቅደም ተከተል አላሰለፏቸውም። ከጉሮሮ ጥልቅ ከሚወጣው ጀምረው እስከ ከንፈር ድረስ በድምፆቹ መውጫ ነበር የደረደሯቸው። መጽሐፉም ከጉሮሮ በሚወጣው «ዐይን» ስለሚጀምር «ኪታቡል ዐይን» ተባለ። የእርሳቸው ተማሪ የነበሩት ሲበወይህ ደግሞ ትውልዳቸው ከፋርስ ነው። ዐረብ ያልሆኑት እኚህ ሰው የጻፉትና «አል-ኪታብ» ተብሎ የሚታወቀው ሥራ የዐረብኛ ሰዋስው ሁሉ መሠረት ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠናል። በዛሬዎቹ ዩኒቨርሲቲዎችም የሥነ ልሳን ታሪክ ሲነሳ የእኚህ ሰዎች ስም ይነሳል።

ስለዚህ አንድ ሙስሊም ወጣት ሥነ ልሳንን ሲያጠና ወደ ባዕድ ቤት የሚገባ አይደለም። አያቶቹ መሠረቱን ወዳኖሩት ቤት በሌላ በር መግባቱ ነው። በመድረሳ ያለፈ ልጅ ለዚህ ትምህርት ከማንም ያልተናነሰ፣ እንዲያውም የተሻለ ስንቅ አለው።

«ዐሊም» እና «አሊም»

ይህ ሁሉ ለአንድ የቁርአን ተማሪ ልጅ ምን ይፈይዳል? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዐረብኛ በዐይን የሚጻፈው «ዐሊም» ዐዋቂ ማለት ሲሆን ከአላህ (ሱ.ወ.) መልካም ስሞች አንዱ ነው። በሐምዛ የሚጻፈው «አሊም» ደግሞ አሳማሚ ማለት ሲሆን በቁርአን ውስጥ በብዛት የሚመጣው የቅጣት መግለጫ ሆኖ ነው። ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ኡስታዙ ይቆጣል፤ አንዳንዱም አርጩሜ ያነሳል። ልጁ ደግሞ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ምክንያቱም በእርሱ ጆሮ የተነገረው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር።

የአማርኛን ፊደል ተመልከቱ። «አ» እና «ዐ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ቅርጻቸው የተለያየ ነው። በጥንት ግእዝ ድምፃቸውም የተለያየ ነበር። በዛሬው አማርኛ ግን ልዩነቱ ከወረቀት ላይ እንጂ ከአንደበት ጠፍቷል። ትግርኛ፣ አፋርኛና ሶማሊኛ እነዚህን የ«ሐ» እና የ«ዐ» የጉሮሮ ድምፆች እስከ ዛሬ ይዘዋቸዋል። ስለዚህ የአፋር ወይም የሶማሌ ልጅ እነዚህን ሐርፎች ያለ ችግር ሲያወጣ የአማርኛና የኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ ይቸገራል። ይህ የብልህነትም የታዛዥነትም ልዩነት አይደለም። እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞት የመጣው ቋንቋ ልዩነት ነው። እንዲሁም የዐረብኛዎቹ ወፍራም ድምፆች «ጧ» እና «ሷድ» ከእኛ «ጠ» እና «ጸ» ጋር አንድ አይደሉም። የእኛዎቹ የሚወጡት ጉሮሮን ዘግቶ በመፈንዳት ሲሆን የዐረብኛዎቹ የሚወፍሩት የምላስ ሥር ወደ ኋላ በመሳቡ ነው።

የዘርፉ ተመራማሪዎች ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ጆሯቸው በዙሪያቸው ለሚነገረው ቋንቋ ድምፆች እየተሳለ፣ ለሌሎቹ ልዩነቶች ግን እየደነዘዘ እንደሚሄድ ደርሰውበታል። በመሆኑም የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ «ዐይን» በል ሲባል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምላሱን ማስተካከል ሳይሆን ጆሮውን መክፈት ነው። እኔ ቅዳሜና እሁድ በማስተምርበት መድረሳ ይህን በተግባር ሞክሬዋለሁ። ልጆቹን በቀጥታ «በሉ» አልላቸውም። ፊቴን አዙሬ «ዐሊም» ወይም «አሊም» እላለሁ፤ የመጀመሪያውን የሰሙ ቀኝ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሁለተኛውን የሰሙ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ላይ እጆች በዘፈቀደ ይነሱ ነበር። ቀናት ሲያልፉ ግን ሁሉም በአንድ ላይ መነሳት ጀመሩ። ጆሮው ከለየ በኋላ አንደበቱ ይከተላል። አንድም ዱላ አላስፈለገም።

ከኸትም በኋላ

ድምፁ ተስተካክሎ ልጁ ቁርአንን ኸተመ እንበል። ዱዓእ ይደረጋል፣ ይታረዳል፣ ቤተሰብ ይደሰታል። ይህ ደስታ ተገቢ ነው፤ እኔም በዚያው አልፌያለሁ። ከዚያስ?

በአንድ ወቅት በአሥር ዓመቱ የኸተመ፣ ድምፁ የሚያምር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ከመድረሳ እየራቀ መጣ። ምክንያቱን በወንድምነት ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ኡስታዝ፣ እዚያ የማነበው ምን እንደሚል አላውቅም፤ በስልኬ የምሰማው ዘፈን ግን ቃል በቃል ይገባኛል» አለኝ። ይህ ልጅ ኢማኑ የጠፋ ልጅ አልነበረም። ያልገባውን ነገር ለዓመታት ተሸክሞ የደከመው ልጅ ነበር። ስንቶቻችን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አለ?

ስለ ንባብ የሚያጠኑ ሊቃውንት ጉዳዩን በቀላል ስሌት ያስቀምጡታል። ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዱት አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው። አንዱ ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥ መቻል ሲሆን ሌላው ያንን ቋንቋ ሲነገር መረዳት ነው። ብዜት ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። የእኛ ልጅ በመጀመሪያው መቶ ከመቶ ቢያገኝ እንኳ በሁለተኛው ባዶ ከሆነ የመረዳት ውጤቱ ባዶ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይኖርብናል። የቁርአን ንባብ እንደ ሌላ መጽሐፍ ንባብ አይደለም። ትርጉሙን ያላወቀ ሰው እንኳ ለእያንዳንዱ ሐርፍ ምንዳ እንዳለው፣ እየተቸገረ የሚያነበው ደግሞ ድርብ ምንዳ እንዳለው ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተዘግቧል። ማንም ተነስቶ «ካልገባህ አታንብብ» ሊል አይችልም። እኔም አልልም። የምለው ምንዳው አንድ ጉዳይ፣ መረዳቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛውን ለልጆቻችን የመስጠት አማና እኛ ላይ ነው ነው።

«እንግዲያው ነሕው ይማራ!» የሚል ይኖራል። በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ደረሳው አጅሩሚያን ይዞ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ቀጥር፣ ወደ አልፊያ ይሸጋገራል። ይህ ትልቅ ዒልም ነው። ነገር ግን አልፊያን በቃሉ የሚወጣ፣ የቃሉን መጨረሻ ለምን እንደሚረፋ እንደሚነሳ የሚያስረዳ ደረሳ ከአንድ ዐረብ ጋር ቢገናኝ የገበያ ዋጋ መጠየቅ ሲያቅተው አይተናል። በአስኳላውም ያው ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይማራሉ፤ በሁለተኛ ደረጃ አብዛኛውን ትምህርት የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለ ግሥ ጊዜያት ብትጠይቋቸው ሕጉን እንደ ውኃ ያንቆረቁሩላችኋል። አንዲት አጭር ደብዳቤ ጻፉ ስትሏቸው ግን እስክሪብቶው ይቆማል።

ይህን ሕመም ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት በትክክል የመረመረው ሰው ኢብን ኸልዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 በቱኒስ ተወልዶ በ1406 በካይሮ ያረፈው ይህ ሊቅ «ሙቀዲማ» በተባለው ሥራው የቋንቋ ችሎታና የሰዋስው ዕውቀት የተለያዩ ናቸው ይላል። ለማስረዳትም የልብስ ስፌትን ምሳሌ ይጠቅሳል። መርፌ እንዴት እንደሚገባ፣ ክሩ በየት በኩል እንደሚወጣ በቃሉ አሳምሮ የሚተርክ ሰው «እስቲ ስፋ» ሲባል አንድም ጥልፍ ላይሰፋ ይችላል። ስለ ስፌት ያውቃል እንጂ ስፌትን አያውቅም። ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ ችሎታው የሚገኘው ደጋግሞ በመስማትና በመጠቀም ነው። የዛሬው የቋንቋ ማስተማር ሳይንስ በሰፊው ያስተማረኝን ይህንኑ ቁም ነገር በሙቀዲማ ውስጥ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል።

ሠላሳ የማይሞሉ ቃላት

እናቴ ቁርአን ቤት አልገባችም። ሰላቷን የተማረችው ከአባቷ አፍ እየሰማች ነው። ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድኩበት አንድ ምሽት ዒሻ ሰግዳ ከሰገደችበት ሳትነሳ፣ «ልጄ፣ አንተ የቋንቋ ተማሪ ነህ አሉ» አለችኝ። «አዎ፣ እማዬ» አልኳት። «እስቲ ንገረኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ጌታዬ ፊት ቆሜ ምን እያልኩት ነው የኖርኩት?» ስትል ጠየቀችኝ።

በቀን አምስት ወቅት የሚሰገደው ግዴታ ሰላት 17 ረከዓ ነው። በየረከዓው ፋቲሓ ይቀራል። በሂጅራ ዓመት 354 ቀናት ቢቆጠር አንድ ሰጋጅ ሱናውን ሳይጨምር በዓመት ከስድስት ሺህ ጊዜ በላይ ፋቲሓን ያነባል ማለት ነው። ታዲያ ይህች ከስድስት ሺህ ጊዜ በላይ በዓመት የምትነበብ ሱራ ስንት ቃላት አሏት? ሠላሳ አይሞሉም! ከእናቴ ጋር በቀን አንድ ቃል እየያዝን ሄድን። ሰዋስው የሚባል ነገር አላነሳሁም። ይልቁንም ከምታውቀው ተነሳን። አማርኛና ዐረብኛ የአንድ የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ ልጆች ናቸውና። «ኢስም» ስም ነው፤ «ዓለሚን» ውስጥ ዓለም አለ፤ «የውም» በግእዙ ዮም ነው፤ «ማሊክ» አምላክና መለኮት ከሚሉት ቃላት ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ «ዐለይሂም» ውስጥ ያለው «ዐላ» በግእዝ ላዕለ፣ በአማርኛ ላይ ነው። እናቴ እያንዳንዱን ስትሰማ፣ «እንዲህ ከሆነማ አውቀው ኖሯል!» ትል ነበር። ወሩ ሳያልቅ ፋቲሓን ቃል በቃል ታውቅ ጀመር። አንድ ቀን ሰግዳ ስትጨርስ፣ «ዛሬ ሰላቴ ረዘመብኝ፤ ቶሎ ቶሎ ማለት እንቢ አለኝ» አለችኝ። ከዲግሪው ወረቀት ይልቅ ይህች ቃሏ ትበልጥብኛለች።

በሚያውቁት ቋንቋ

ይህ በሚያውቁት ቋንቋ ተነስቶ ወደማያውቁት መሻገር የዘመኑ ሊቃውንት በጥናት ያጸኑት መንገድ ነው። የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሐሳብ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያዳበረው ዕውቀትና የመረዳት አቅም ወደ ሁለተኛው ቋንቋ እንደሚሻገር አስረድቷል። በአገራችንም የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይሁንና በአንዳንድ መድረሳዎቻችን ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ሲጠይቁ «ዐረብኛ ብቻ!» ተብለው ይገሠጻሉ። ይህን ከዲን የመጣ ሥርዓት አድርገው የሚያስቡም አሉ።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፈለግ ግን ሌላ ነው። ኢማም ቡኻሪ እንደዘገቡት ኡሙ ኻሊድ የተባለች፣ ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰደው በነበረ ጊዜ እዚሁ የተወለደች ሕፃን ነበረች። ወደ መዲና ከመጣች በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ አለበሷትና ጥለቱን እያሳዩ «ሰናህ» አሏት። ይህም በሐበሻ ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው። የዐረቦች ሁሉ አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ነቢይ አንዲትን ትንሽ ልጅ ለማስደሰት እርሷ ባደገችበት ቋንቋ ተናገሩ። ለሐበሻ ሕፃናት አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል? እንዲሁም ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) በእርሳቸው ትዕዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት ተምረዋል። ቁርአንም መልእክተኞች ሁሉ በየሕዝቦቻቸው ቋንቋ መላካቸውን፣ የቋንቋዎቻችን መለያየትም ከአላህ ተአምራት አንዱ መሆኑን ያስተምረናል።

የምሥራቅ አፍሪካ መሻይኾችም ይህንኑ ተከትለዋል። የሶማሌ ልጆች የዐረብኛን ሐረካ የሚማሩባቸው የሶማሊኛ መጠሪያዎች አሏቸው። ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ከማለት ይልቅ ከላይ፣ ከታች እና መሰል ትርጉም ባላቸው በገዛ ቋንቋቸው ስያሜዎች ይቆጥሯቸዋል። ይህን ዘዴ የቀየሱት ሸይኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። በሐረር ከጥንት ጀምሮ ሐረሪኛ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ዲን ተምሮበታል። በወሎ ሸይኹ የዐረብኛውን ኪታብ መስመር በመስመር ያነባሉ፤ በአማርኛ ይፈቱታል። እንደ ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ያሉ ዓሊሞችም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ መንዙማ ጽፈው ዕውቀቱን እስከ ገበሬው ደጅ አድርሰዋል። ይህ ዐጀም የምንለው ጽሕፈት ነው። በኦሮሞው ዘንድ ደግሞ ሸይኽ በክሪ ሰጳሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ ራሱን የቻለ ፊደል እስከ መፍጠር ደርሰዋል። በ1961 ዓ.ም. ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ መታተሙም የዚሁ ጉዞ አካል ነው። እነዚህ አባቶች የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ግን ሕዝቡን ለማስተማር ሕዝቡ በሚያውቀው እንደሚጀመር ያውቁ ነበር።

የትኛው ይቅደም?

«ታዲያ መጀመሪያ ቋንቋውን እናስተምርና ከዚያ ወደ ቁርአን እንግባ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይህም አዲስ ክርክር አይደለም። የአንዳሉሱ ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ (በ543 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ልጁ መጀመሪያ ዐረብኛና ግጥም፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ከዚያ በኋላ ቁርአን ቢማር የሚያነበው ይገባዋል ብለው ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኢብን ኸልዱን ይህን ሐሳብ ጠቅሶ ያማረ መንገድ መሆኑን ይመሰክራል። ሆኖም የሙስሊሞች ልማድ ቁርአንን ማስቀደም የሆነው በበረካው ለመጠቀምና ልጁ ካደገ በኋላ ከወላጅ እጅ ወጥቶ ቁርአን እንዳያመልጠው በመፍራት ነው ሲል የሌላኛውንም ወገን ምክንያት ያስረዳል።

እኔ እንደ አስተማሪ የልጅነት ጊዜ ለሒፍዝ እንደሚመች አያለሁና ቁርአኑ ይዘግይ አልልም። ሁለቱ ግን ተነጣጥለው መሄድ አይኖርባቸውም። ከሁለት ሰዓት ትምህርት አንድ ሩብ ሰዓት ለመረዳት ቢመደብ ሒፍዙን አይጎዳውም። ትርጉሙን ያወቁትን ነገር በቃል መያዝ ካላወቁት ይልቅ ይቀላል፤ ይህን ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ከመድረሳ ሲመለስ «ስንት ገጽ ሄድክ?» ብቻ አትበሉት። «ዛሬ ያነበብከው ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ አትቆጡት፤ ጥያቄውን ወደ ኡስታዙ ይዞ ይሂድ። ቤት ውስጥ በቋንቋችሁ ተረትና ቂሷ ንገሩት፤ በእናቱ ቋንቋ ማስተዋል ያልለመደ ልጅ በሌላ ቋንቋ ማስተዋል ይቸግረዋል።

የተከበራችሁ ኡስታዞች! ከአጫጭር ሱራዎች ጀምራችሁ ልጆቹ በየሰላቱ የሚደጋግሟቸውን ቃላት አስቀድሙ። ተማሪዎቻችሁ በቤታቸው ምን ቋንቋ እንደሚናገሩ እወቁ፤ የትኛው ሐርፍ እንደሚያስቸግራቸው ያን ጊዜ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ነሕው ስታስተምሩም ልጁ ብዙ ዐረብኛ ከሰማና ካነበበ በኋላ ይሁን፤ ሕግ የሚጣፍጠው ቋንቋው ሲኖር ነው።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች! ሕክምናውንም ምሕንድስናውንም ተማሩ፤ ኡማው ሁሉንም ይፈልጋል። ነገር ግን ቋንቋ የምትወዱ ካላችሁ ይህን ዘርፍ አትናቁት። በአንድ እግራቸው መድረሳ፣ በሌላው እግራቸው ዩኒቨርሲቲ የረገጡ ሰዎች በጣም ያስፈልጉናል። ለሕፃናት የሚሆን የዐረብኛ መማሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጥኛ፣ በአፋርኛ ማን ያዘጋጅ? በየመስጊዱ የተከማቹትን የዐጀም ጽሑፎች ብል ሳይበላቸው ማን ያጥና? የውጭ ምሁራን መጥተው ሲያጠኑልን ኖረዋል። ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ዐረብኛ በኢትዮጵያ ስላለው ሚና ጽፏል፤ ለሥራው ልናመሰግነው ይገባል። የቀረውን ግን ከቤቱ ያደገ ሰው ቢሠራው ይበልጥ ይጠልቃል።

ትምህርቱን ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልለግስ። ዛሬ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባችኋልና እንግሊዝኛችሁንና የሒሳብ መሠረታችሁን አጽኑ። የራሳችሁን ቋንቋ ሰዋስው አስቀድማችሁ አንብቡ፤ የፕሮፌሰር ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) ጥሩ መነሻ ነው። ተጅዊዳችሁንና ነሕዋችሁን አትርሱ፤ እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ስንቅ ይዛችሁት ግቡ። በሁለት ዓመቱ ቆይታችሁም «ይህ የተማርኩት ለሰፈሬ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?» የሚለውን ጥያቄ ከደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

ዒልም ያለ ተግባር ፍሬ የሌለው ዛፍ ነው ይባላል። ያወቅነውን ለልጆቻችን በሚገባቸው አንደበት የምናደርስ ያድርገን። ንባባቸውን መረዳት፣ መረዳታቸውንም ሥራ ያድርግላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።